እትዬ ሰባትና ቀይዋ መኪና

ሰፈሩ ሳቂታው የሚለውን መኪና ሻጭ ያገኘው መካኒኩ ነው። የመኪና ሆድ በሚፈተሽበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ደረጃው ላይ በጀርባው ወድቆ ሞቶ ነበር። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ አንድ ትልቅ የጎማ መፍቻ ተጋድሟል። በዚያ ዘይት በጠጣ ጋራዥ ውስጥ ንጹሕ ነገር መፍቻው ብቻ ነበር፤ ሰው በጨርቅ ወልውሎታል።

ኢንስፔክተሩ ቁጢጥ ብሎ መፍቻውን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ከዚያ ወደ ኋላ በር ዞረ። ወደ ጠባቡ መንገድ የሚያወጣው በር ገርበብ ብሏል፤ መቀርቀሪያው ተነስቷል።

“ይሄ በር ክፍት ነው የሚውለው?”

“ኧረ በፍጹም! ራሴ ነኝ ከውስጥ የምቀረቅረው” አለ መካኒኩ። እጁን በቱታው ላይ ደጋግሞ ይጠርጋል። “ሰባት ተኩል ላይ መለዋወጫ ልገዛ ስወጣ ተቀርቅሮ ነበር። ሱቁ ወረፋ ነበረው፤ ደረሰኙም ሰዓቱም ይኸው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ስመለስ የሳቂታው አማችም ቀይዋን መኪና ይዞ እየገባ ነበር። አብረን ገባን። ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ።”

ሐኪሙ ሰውየው የሞተው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው አለ። በሟቹ ኪስ ውስጥ ማበጠሪያ፣ የቤት ቁልፍና አንዲት የወረፋ ቁጥር ተገኘች። አርባ ሦስት ትላለች፤ የንግድ ፈቃድ ቢሮ ማኅተምና የዚያው ቀን ጠዋት ሰዓት አለባት።

“ጠላት ነበረው?”

“ሳቂታው? ሲሸጥ ይስቃል፣ ሲገዛ ይስቃል። እኛ ላይ ግን አይስቅም ነበር።” መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ግን አንዲት ሴትዮ ጮኸችበት። ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ትነዳ ስለነበረ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሰባት ይላታል። ‘ከእንግዲህ ማንንም እንዳታታልል አደርግሃለሁ!’ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።”

“ምን ልትገዛ ነበር?”

መካኒኩ በአገጩ ወደ ግቢው አመለከተ። እዚያ ሁለት ጣሪያቸው የሚከፈት ስፖርት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ አመድማ። ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ሁለቱም ያገለገሉ፣ ሁለቱም ከኋላቸው የደረጃቸውን ስም የሚናገሩ የብረት ፊደላት የተለጠፈባቸው።

“ከነዚህ አንዷን” አለ።

ከግቢው ፊት ለፊት ያለው ባለ ኪዮስክ ደግሞ ሌላ ጨመረ። እትዬ ሰባት ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ተመልሳ ገብታ ነበር። አምስት ደቂቃ ሳትቆይ፣ በፊት ለፊቱ በር፣ ብቻዋን እያወራች ወጣች።

ያን ቀን ማታ ያዟት።

*

አማቹ የሳቂታው እህት ባል ነው። በማግስቱ ማለዳ ግቢው ውስጥ ባለችው ጠባብ ቢሮ ተቀምጦ፣ መሐረቡን አራት እጥፍ አጥፎ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ሸሚዙ ነጭ ነው፤ እጁ ላይ የዘይት ምልክት የለም።

“እኔ ወረቀቱን፣ እሱ ብረቱን። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚህ ነው የሠራነው” አለ። “ማስታወቂያውን የምጽፈው እኔ፣ ውሉን የማዘጋጀው እኔ። መሪ የምይዘው ሲቸግር ብቻ ነው።”

“ትናንት ቸግሮ ነበር?”

“አዎ። አንድ ደንበኛ ሱቁን ጥሎ መምጣት አልቻለም። ሰባት ተኩል ላይ ቀይዋን ይዤለት ሄድኩ። የጫማ ሱቅ አለው። ከሱቁ ጀርባ ግቢ አለ፤ እዚያ አቁመን እያገላበጠ ሲያያት ዘጠኝ ሰዓት አለፈ።”

“ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ?”

“ኢንስፔክተር፣ እርስዎ መኪና ገዝተው አያውቁም መሰለኝ” አለ አማቹ፣ በሐዘኑ መካከል ትንሽ ፈገግ ብሎ። “ይህች መኪና በሦስት ደረጃ ነው የምትመጣው። ኖርማል አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ፉል ኦፕሽን አለ። ሰውየው ‘መካከለኛው አይበቃኝም ወይ?’ እያለ ልቡ ሲዋልል ነበር። ፉሉ ምን እንዳለው አንድ በአንድ ማሳየት ነበረብኝ። የቆዳ ወንበሩን፣ ወንበሩ እንዴት እንደሚሞቅ፣ ጣሪያውን። ጣሪያውን ብቻ ሦስት ጊዜ ከፈትኩ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋሁ።”

ኢንስፔክተሩ ቃል በቃል ጻፈ። እሱ ሲጽፍ ሰዎች ይቸኩላሉ፤ ቀስ ብሎ፣ ፊደሉን ሳያጎድል ነው የሚጽፈው።

“እንዴት ነው የሚከፈተው?”

“ስዊች አለው፣ ከማርሹ አጠገብ። አንዴ ይጫኑታል፣ በቃ። ከወንበርዎ አይነሱም።”

“ሳቂታው ጠዋት የንግድ ፈቃድ ቢሮ ምን ሊያደርግ ሄደ?”

መሐረቡ ቆመ። ከዚያ ለአምስተኛ ጊዜ ታጠፈ።

“አልነገረኝም። የሚያድስ ነገር ኖሮት ይሆናል።”

ከጀርባው፣ ግድግዳው ላይ፣ የቀይዋ መኪና ማስታወቂያ ተለጥፏል። ኢንስፔክተሩ ቆሞ አነበበው። መኪናዋን ሳይሆን ሙሽራ የሚገልጽ ይመስላል፤ ጣሪያዋ የሚከፈትበት ሰከንድ ሳይቀር ተቆጥሯል።

*

ባለ ጫማው ወፍራም፣ ላብ የሚቸኩልበት ሰው ነው። ኢንስፔክተሩ ሲገባ አንዲት ደንበኛ ሁለት የግራ እግር ጫማ ሰጥቷት እየሳቀችበት ነበር።

“አዎ፣ እኔ ጋ ነበር” አለ፣ ገና ሳይጠየቅ። “ከሰባት ተኩል ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ገደማ። ከጀርባ፣ ግቢው ውስጥ።”

“መኪናዋን ወደዷት?”

“በጣም!”

“የቱን ደረጃ?”

“ፉሉን ነዋ። ሰው አንዴ ከገዛ…” እጁን አወናጨፈ። “ጣሪያዋ በአንድ ጣት፣ በአሥራ ሁለት ሰከንድ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ! የቆዳ ወንበሯ በክረምት የሚያሞቅ፣ በበጋ የማያቃጥል!”

“ሰከንዱን ቆጠሩት?”

“ቆመን ቆጠርነው። አሥራ ሁለት።”

“መካከለኛው ምኑ ይጎድለዋል?”

ባለ ጫማው ግንባሩን ጠረገ። “መካከለኛው… ያው መካከለኛ ነው።”

“እሺ። ሲቀመጡባት ጉልበትዎ መሪውን አልነካም?” ኢንስፔክተሩ የሰውየውን ሆድ ላለማየት ወደ ጫማዎቹ ተመለከተ።

“አልተቀመጥኩም። ማለቴ፣ ቆሜ ነው ያየሁት።”

አንድ ሰዓት ተኩል ቆሞ ያየ ሰው። ኢንስፔክተሩ ይህንንም ጻፈ። ነገር ግን ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ሰጥተዋል፣ መኪናዋም በእርግጥ ግቢው አልነበረችም። ባለ ኪዮስኩ ስትወጣ አይቷታል፣ ስትገባም አይቷታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ጣሪያዋ ተዘግቶ ነበር።

*

ረፋዱ ላይ እትዬ ሰባት ቃል መስጫ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አራርቃ አስቀምጣለች፣ መሪ እንደያዘ ሰው። ከአጠገቧ የኢንሹራንስ ሠራተኛ የሆነው ልጇ ቆሟል። ወረቀት ይዟል።

“እማዬ፣ ፈርሚና እንሂድ። ሐኪሙ ‘የመርሳት ምልክት ይታይባታል’ ብሎ ጽፎልናል። በዚህ ከሆነ ክስ የለም፣ ምን የለም።”

“ሐኪሙ የት አየኝ?”

“ባለፈው ለደም ግፊት ስትሄጂ።”

“ደም ግፊቴን ነው የለካው ወይስ ጭንቅላቴን?”

“እማዬ!”

“አንተ፣ ድምፅህን ቀንስ። አልደነቆርኩም፤ ወይስ እሱም ተጽፏል?”

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። “ሌላም ነገር ይላል” አለ ቀስ ብሎ። “መንጃ ፈቃድ ይመልሳሉ ይላል። በራሳቸው ፊርማ መግዛትና መሸጥ አይችሉም ይላል።”

“ለሷው ብዬ ነው!” አለ ልጁ፤ ጆሮው ቀላ። “ሰው ምን ይላል? እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ጣሪያ የሌለው መኪና ልትገዛ ሄዳ ሰው ገደለች ይበሉኝ? ታማለች መባል አይሻልም?”

እትዬ ሰባት ወደ ልጇ ዞረች። ስትናገር ድምፅዋ አልተነሳም።

“ስማኝ። ሰው ገድዬ ከሆነ ልታሰር። አልገደልኩም ከሆነ ልለቀቅ። ገድላለች ግን ራሷን አታውቅም ተብዬ ያንተ ሳሎን ውስጥ ልቀመጥ? በቁሜ ልትቀብረኝ ነው? አልፈርምም። ዛሬም አልፈርም፣ ነገም አልፈርም፣ እስክሪብቶ እጄ ላይ ብታስሩት አልፈርም።”

“እንግዲያው ይንገሩኝ” አለ ኢንስፔክተሩ። “ከሳቂታው ጋር ምን አጣላችሁ?”

“ትናንት ማታ የያዙኝ ልጆች ‘ማሚ፣ ስፖርት መኪና ምን ያደርግልዎታል?’ ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ለሚስቅብኝ ቃሌን አልሰጥም። አለቀ።”

ኮሪደሩ ላይ ኮማንደሩ ይጠብቅ ነበር። የወረቀቱን ወሬ ቀድሞ ሰምቷል።

“መልካም መውጫ ነው። መዝገቡ ይዘጋል፣ ሰው አይጎዳም።”

“እሳቸው ይጎዳሉ፣ ጌታዬ።”

“ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ በፀጉሯ ነፋስ ልታስገባ አማራት! ለዚህስ ሐኪም ያስፈልጋል?” ኮማንደሩ ሳቀ። ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። “ስማ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለህ። ከፈረመች ወደ ልጇ፣ ካልፈረመች በነፍስ ግድያ ወደ ዐቃቤ ሕግ። ስትዝት ተሰምታለች፣ ሰዓቱ ላይ ታይታለች። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?”

“የኋላውን በር የከፈተውን ሰው። እሳቸው የወጡት በፊት ለፊቱ ነው።”

“አሥራ አንድ ሰዓት” አለ ኮማንደሩና ሄደ።

*

ኢንስፔክተሩ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። መካኒኩ ሲያየው የዕቃ ሳጥኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከጠረጴዛው ሥር አስገባው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያየው ለማየት የሰለጠነ ሰው ብቻ አይደለም፤ ማንም ያየዋል።

“ክፈተው።”

ሳጥኑ ውስጥ የብረት ፊደላት ነበሩ፤ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለሉ፣ የሚያብለጨልጩ፣ ከብዙ መኪናዎች ጀርባ የተነቀሉ። ከሥራቸው የማጣበቂያ ቱቦዎች።

“ለማስዋቢያ ነው” አለ መካኒኩ። ግንባሩ ላይ ላብ ፈጥኖ ወጣ።

“የማንን ማስዋቢያ?”

“ያው… ፊደል የወደቀበት መኪና ሲመጣ።”

“ሳቂታው ስለዚህ ሳጥን ያውቅ ነበር?”

“እሱ ነው የገዛው! እኔ ታዛዥ ነኝ። ጌታዬ፣ እኔ ሰው አልገደልኩም።”

“አልገደልክም። ደረሰኝህን አጣርቻለሁ፤ ባለ ሱቁም ወረፋ ሲጠብቅ ሁለት ጊዜ ተቆጥቷል ብሎ አስታውሶሃል። ታዲያ ለምን ትፈራለህ?”

መካኒኩ ወለሉን አየ። ሳጥኑን መልሶ ዘጋ። ኢንስፔክተሩ ወጥቶ ሁለቱን መኪናዎች ዞራቸው። መኪና አይነዳም፤ መንጃ ፈቃድም የለውም። ቀይዋና አመድማዋ ለእሱ የቀለም ልዩነት ብቻ ነበራቸው። ፊደላቸው አንድ፣ ወንበራቸው ቆዳ፣ ከማርሻቸው አጠገብ ሁለቱም ተመሳሳይ ስዊች። ያም ሆኖ ይህን ግቢ የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ ስለነዚህ ሁለት መኪናዎች ሲጠየቁ ወይ ይቸኩላሉ፣ ወይ ዝም ይላሉ። ዝም ያለችው አንዷ ግን የምትፈራ አትመስልም። ሰዓቱን አየ። ስምንት ከሃያ።

*

ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ማስታወሻውን አላወጣም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

“እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከሁለቱ የቷን መረጡ?”

እትዬ ሰባት አፈጠጠችበት። ፌዝ ፈለገች፤ አላገኘችም።

“ምን አገባህ?”

“አላውቅማ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰው ስለ ፉል ኦፕሽን አስረዳኝ፣ ምንም አልገባኝም። መኪና አልነዳም።”

“ምንም?”

“ብስክሌትም።”

ከንፈሯ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። “እንዲህ ነው እንጂ። የማያውቅ ሰው ይሻላል፤ ቢያንስ ይሰማል።” እጆቿን ከጠረጴዛው አነሳች። “ቀይዋን መረጥኩ።”

“ፉል ስለሆነች?”

“ባዶ ስለሆነች! ኖርማሏ እሷ ናት። ፉሏ አመድማዋ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስመላለስ ነበር፣ ለእግሬ ብዬ መሰለህ? አመድማዋ ወንበሯ ይሞቃል፣ ጣሪያዋ በሞተር ይታጠፋል፣ ስፕሪንጓ ደረቅ ነው፤ ጉድጓድ ስትገባ ወገብህን ትሰማዋለህ። መካከለኛው ደረጃ ጥሩ ፍሬን አለው፣ ግን እነሱ ጋ የለም። ባዶዋ ደግሞ ቀላል ናት። ሞተር የላት ጣሪያ ላይ፣ ሽቦ የላት ወንበር ውስጥ። የሚበላሽ ነገር የላትም።”

“ግን ፊደሏ…”

“ፊደል! ፊደል ማጣበቂያ ነው። ፍሬኗን አየሁት፣ በጎማው መካከል አሾልቄ፤ ትንሹ ፍሬን ነው። የቆዳ ወንበሯን ቡሎን አየሁት፤ ትናንት የተፈታ ነው የሚመስለው፣ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ፖርታ ባጋሊዮዋን፣ የኋላ የዕቃ መጫኛዋን፣ ከፈትኩ። የጣሪያው ሞተር የሚቀመጥበት ቦታ ወና ነው፤ ሸረሪት አድርቶበታል። እና ይሄ ሳቂታ ዓይኑን በጨው አጥቦ ‘እትዬ፣ ፉል ናት’ ይለኛል። ባዶዋን ነው የምፈልገው እያልኩት! ውሉ ላይ ኖርማል ብለህ ጻፍልኝ፣ አሁኑኑ ልፈርም አልኩት። ሳቀብኝ። ‘ከእንግዲህ ማንንም እንዳታታልል አደርግሃለሁ’ ያልኩት ያኔ ነው። ልከሰው ነበር፤ የትራንስፖርት ቢሮ ልሄድ። ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻ ዕድል ልስጠው ብዬ ተመለስኩ። ተጣራሁ፣ ማንም የለም። ቀይዋም የለችም። ሸጠብኝ ብዬ እየተሳደብኩ ወጣሁ።”

“ለምን ባዶዋን? ገንዘብ ነው?”

“አይደለም።” ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ለሰለሰ። “ሃያ ዘጠኝ ዓመት በሩ በአየር የሚከፈት አውቶቡስ ነዳሁ። ስዊች ስጫን ይከፈታል፣ ስዊች ስጫን ይዘጋል። ሲበላሽ ስድሳ ሰው እኔን ይሰድባል። አሁን አንድ ነገር በገዛ እጄ መክፈት እፈልጋለሁ፣ የምፈልግ ጊዜ፣ ማንም ፌርማታ ሳይለኝ። ያስቃል?”

“አያስቅም።” ኢንስፔክተሩ ጎንበስ አለ። “በእጅ ነው ያሉት?”

“በእጅ ነዋ። ከመስታወቱ በላይ ሁለት ማያያዣ አለ፤ ትፈታቸዋለህ፣ ክንድህን ወደ ኋላ ትወረውራለህ፣ አለቀ።”

“ቀይዋ። እርግጠኛ ነዎት?”

“ልጄ፣ እኔ ስለ መኪና አልቀባጥርም።”

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻውን አወጣ። ወደ ኋላ ገለጠ፤ አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ። አነበበ። ወንበሩን ሳይመልስ ወጣ።

*

አሥር ሰዓት ላይ ጋራዡ ግቢ ውስጥ አራት ሰዎች ቀይዋን መኪና ከበቡ። አማቹ ሌላ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ባለ ጫማው ለምን እንደተጠራ አልገባውም፤ ወይም ገብቶታል። መካኒኩ ራቅ ብሎ ግድግዳ ተደግፏል።

“ትናንት ያደረጉትን ደግመው ያሳዩኝ” አለ ኢንስፔክተሩ። “ጣሪያውን።”

“በደስታ” አለ አማቹ። ገብቶ ተቀመጠ። ሞተሩን አስነሳ። ስዊቹን ተጫነ።

ጣሪያው ዝም አለ።

“ያው፣ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል።” ደግሞ ተጫነ። ጣቱ ነጭ እስኪሆን ተጫነ።

“አሥራ ሁለት ሰከንድ አልፏል” አለ ኢንስፔክተሩ።

“ባትሪው ደክሞ ነው።”

“ሞተሩ እየሠራ ነው።”

“እንግዲያው ፊውዝ ተቃጥሏል! ትናንት ሠርቷል፣ እሱም አይቷል። አላየህም?”

ባለ ጫማው አንገቱን ወደ ትከሻው ሰበሰበ።

“መካኒክ፣ ና። ያን ስዊች ንቀልልኝ” አለ ኢንስፔክተሩ።

መካኒኩ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣና በአማቹ ጉልበት ላይ ጎንበስ አለ። ክዳኑ ጠቅ ብሎ ተነሳ። ከሥሩ ፕላስቲክ ነበር፤ ከፕላስቲኩ ሥር ምንም። አንዲት ሽቦ እንኳ የለም።

“ከተጋጨ ፉል መኪና ላይ ፈትቼ ነው ያመጣሁት” አለ፣ ማንንም ሳያይ። “ፊደሉንም፣ ወንበሩንም፣ ስዊቹንም። ሳቂታው አሠራኝ። የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን። ይህች መኪና ከተሠራች ጀምሮ ጣሪያዋን ስዊች ከፍቶት አያውቅም።”

አማቹ ስዊቹን በመዳፉ ይዞ ቀረ።

“እርስዎ ይህችን መኪና ያወቋት ከራስዎ ማስታወቂያ ነው” አለ ኢንስፔክተሩ። “ሳቂታው የነገረዎትን ጻፉ፣ የጻፉትን አመኑ። ጣሪያውን አንድ ጊዜ እንኳ ነክተውት ቢሆን ኖሮ፣ ማያያዣው በእጅ እንደሚፈታ ይነግሩኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ከፈትኩ አሉኝ። እኚህ ሰውም አሥራ ሁለት ሰከንድ ቆጠርኩ አሉኝ፤ ግድግዳዎ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ሁለት ሰው ያልሆነ ነገር አይቷል።”

“‘ሴት ጋ ልሄድ ነው’ ነው ያለኝ!” ባለ ጫማው ጮኸ። “አምላኬን! ‘ሚስቴ ከጠየቀች አንተ ጋ ነበርኩ በል’ አለኝ። መኪናዋን ከጀርባ አቆመ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ጠፋ። ማታ ደግሞ ያን ማስታወቂያ ሰጠኝ፣ ‘አጥናው’ ብሎ። ሰው መሞቱን የሰማሁት ዛሬ እርስዎ ሲመጡ ነው! በልጆቼ!”

“በእግር ከጫማ ቤቱ እስከ ኋላው በር አሥራ አራት ደቂቃ ነው፤ እየቆጠርኩ መጣሁ” አለ ኢንስፔክተሩ። “የንግድ ፈቃድ ቢሮውንም ጠየቅሁ። ይህ ግቢና ፈቃዱ ባለፈው ወር በእርስዎ ስም ዞሯል፣ በሳቂታው ፊርማ። ሳቂታው ትናንት ጠዋት በአርባ ሦስተኛ ወረፋ ገብቶ መዝገቡን ሲያይ ‘ይሄ የኔ ፊርማ አይደለም’ ብሏል። የቢሮው ጸሐፊ ታስታውሳለች፤ እየሳቀ ነበር ያለው፣ ደንግጣለች።”

አማቹ ከመኪናዋ ወረደ። መሐረቡን አላወጣም። ዓይኑም እንባ አልነበረበትም።

“ሲስቅብኝ ነው የኖረው” አለ፣ ቀጥ ብሎ። “በእህቱ ፊት፣ በልጆቼ ፊት፣ ‘ይሄ ጸሐፊዬ’ እያለ። እያንዳንዱ መኪና በቃሌ ነው የተሸጠው፣ በሱ ብረት አይደለም! ፊርማውን እንዳወቀ ደወለልኝና ‘ማታ ለእህቴ እነግራታለሁ’ አለ፣ ሳቀ። ልለምነው ነው የመጣሁት። በኋላ በር የገባሁት ሰው እንዳያየኝ ነው፤ ሳንኳኳ እሱ ራሱ ከፈተልኝ። ልለምነው።”

“ጫማ ቤት መኪና አቁሞ፣ ምስክር አዘጋጅቶ የሚለምን ሰው የለም” አለ ኢንስፔክተሩ። “ደግሞ ለማኝ መፍቻ አይወለውልም።”

አማቹ እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ። መካኒኩ ድንገት “እኔስ ጌታዬ?” ሲል ጠየቀ።

“አንተም ከኛ ጋር ትመጣለህ። የምትጽፈው ብዙ ነገር አለህ።”

*

ኮማንደሩ መዝገቡን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ ሦስተኛ ሊያነብ ጀምሮ ተወው።

“የሐኪሙ ወረቀት የታለ? አያይዘው። ለማንኛውም።”

“ለምኑም አያስፈልግም፣ ጌታዬ። ለልጃቸው መልሻለሁ።”

“ሳትጠይቀኝ?”

“ሳልጠይቅዎ።”

ኢንስፔክተሩ ከፍ ባለ ድምፅ አልተናገረም፤ ዓይኑን ግን ከኮማንደሩ ላይ አልነቀለም። ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠረገና ፈረመ።

እትዬ ሰባት ስትወጣ የያዟት ሁለት ልጆች በሩ ላይ ነበሩ። አንዱ “ማሚ፣ ይቅርታ…” ብሎ ጀመረ። እሷ ቆማ ጨርሶ እስኪናገር ጠበቀችው፤ ሳያጋምስ፣ ሙሉውን። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችና አለፈች።

“ቀይዋ እስከ መቼ ትያዛለች?” አለችው ኢንስፔክተሩን ደረጃው ላይ።

“ኤግዚቢት ናት። ዓመት ሊፈጅ ይችላል።”

“እጠብቃለሁ። ግን በየወሩ ትንሽ ወደ ፊት ግፋት፤ አንድ ቦታ ስትቆም ጎማ ይሞታል። ፈርምልኝ።”

“ምን ላይ?”

“በቃልህ።”

“እሺ፣ እትዬ። አስገፋታለሁ።”

ልጇ የራሱን መኪና ጣቢያው ፊት ለፊት አቁሞ፣ የጋቢናውን በር ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ፊቱ ያላለቀሰ ሰው ፊት አይደለም። እትዬ ሰባት ወደከፈተላት በር አልሄደችም። መኪናውን በፊት በኩል ዞረችና የሹፌሩ በር ላይ ቆመች፤ እጇን ዘረጋች።

“እማዬ፣ ደክሞሻል። ሌሊቱን አልተኛሽም።”

“አልተኛሁም። ቁልፉን።”

“መንገዱ ተጨናንቋል…”

“ይሄን መንገድ እኔ ነኝ ያጨናነቅሁት፣ አንተ ስትወለድ።”

ልጁ ወደ ኢንስፔክተሩ ቀና አለ፣ እንደሚያግዘው ሰው። ኢንስፔክተሩ ከደረጃው አልወረደም። ልጁ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ በመዳፉ ላይ ትንሽ አቆየው፣ ከዚያ ሰጣት። ዞሮ ራሱ በከፈተው በር ገባ።

እትዬ ሰባት ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች። የውስጡን መስታወት አስተካከለች፣ ከዚያ የግራውን፣ ከዚያ የቀኙን። ከኋላ የቆመ ታክሲ ጥሩምባውን ነፋ። አልቸኮለችም። ደግሞ ነፋ። ክንዷን በመስኮት አውጥታ መዳፏን ዘረጋችበት፤ ታክሲው ጸጥ አለ።

“ቀበቶህን” አለችው ልጇን፣ ሞተሩን አስነስታ፤ ጠቅ ሲል እስክትሰማ ድረስም መኪናውን አላንቀሳቀሰችም።